በቅሎዬ እንኳ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር

በ2009 ዓ.ም. የጥር ወር ነው። እናቴን ይዤ ከቡሬ ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል ልሄድ መናኸሪያ ቆሜአለሁ። እማዬ ያን ጊዜ ሰማንያን ዘልቃለች፤ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ቀኝ እግሯን እንደ ልቧ አታነሳም። የሚኒባሱ መወጣጫ ደግሞ ለጎረምሳ የተሠራ ነው። እኔ፣ ረዳቱና አንድ መንገደኛ ተረባረብን። «ያዝ! ግፋ! ወደ ላይ!» ተባባልን። ክፋት አልነበረብንም፤ አነጋገራችን ግን ጤፍ የምንጭን እንጂ ሰው የምናሳፍር አይመስልም ነበር። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና ዝም አለች። ቲሊሊ ልንደርስ ስንል ነው አንድ ነገር የተናገረችው፦ «አየህ ልጄ፣ በቅሎዬ እንኳ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።»

መቼም እናት ስትናገር ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ፈረስና ስለ ፈረሰኛ የተገጠመውን ብጠየቅ አላፍርም። የበቅሎ አመራረጥን ግን ያስተማረችኝ እማዬ ናት። የጎጃም ሰው ገበያ ወጥቶ በቅሎ ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ሊቀመጥባት ነው?» የሚል ነበር። ለአዛውንት ወይም ለታመመ ሰው የምትፈለገው ሰጋር ናት፤ ሽምጥ የምትጋልበው ሳትሆን፣ በአንድ ወገን ያሉትን እግሮቿን አከታትላ እያነሳች ተሳፋሪዋን ሳታንገጫግጭ የምትሄደው። ኮርቻ ሲጫንባት የማትደነብር፣ ሰው ሲወጣባት የማትንቀሳቀስ መሆን አለባት። አሮጊቷ ከድንጋይ ወይም ከእርከን ላይ ቆማ ትወጣለች፤ አንድ ሰው በወዲያኛው በኩል እርካቡን ይዞ ኮርቻው እንዳይዘም ይጠብቃል። ልብ በሉ፤ ሰውየው የሚይዘው እርካቡን እንጂ አሮጊቷን አይደለም። የምትወጣው ራሷ ናት።

ማጓጓዣ ሲመረጥ ስሕተት ከተሠራ ምን እንደሚከተልም ይኸው አገር አይቷል። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ሲገቡ፣ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦር ስንቁንና ጥይቱን ያስጫነው ከሱዳን በመጡ ወደ 15 ሺህ በሚጠጉ ግመሎች ነበር። ግመል ለበረሃ የሚያህለው የለም። የጎጃም ደጋ ግን ብርድ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ዳገት ነው። ግመሎቹ በየመንገዱ አለቁ። ጣልያን ቡሬን ለቀቀ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያ ሁሉ ግመል አዲስ አበባ የደረሰው ግን መቶ እንኳ አልሞላም። ግመሉ ምን አጠፋ? ጥፋቱ የመራጩ ነው።

ወደ መኪናው እንምጣ። ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ምኒልክ በደም ሥር ሕመም ተመቱና አልጋ ላይ ዋሉ። የአገሩን ሰው በመኪና ያስደነቁት ንጉሥ ራሳቸው መራመድ አቃታቸው። መኪናው ግን ያን ጊዜ የያዘውን ጠባይ እስከ ዛሬ አልተወም፤ እኛ ዘንድ መጓጓዣ ከመሆኑ በፊት ክብር ነው።

በሌላው ዓለም መኪናን ከሰው አካል ጋር ማስታረቅ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1921 እ.ኤ.አ. በ39 ዓመታቸው ሁለት እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። ፎርድ መኪናቸው ፍሪሲዮኑም፣ ፍሬኑም፣ ነዳጅ መስጫውም በእጅ እንዲሠራ ተደርጎ ስለተስተካከለ ራሳቸው ይነዱ ነበር። እኚሁ ሰው የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ግብጽ ውስጥ በመርከብ ላይ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ፤ አራት የጦር መኪናዎችም በስጦታ ሰጧቸው። በማግስቱ የሳውዲው ንጉሥ አብዱልአዚዝ መጡ። በድሮ የጦር ሜዳ ቁስል እግራቸው ደክሞ ነበርና የሩዝቬልትን ተሽከርካሪ ወንበር አይተው ወደዱት፤ ትርፉን ወንበር ወሰዱ። አውሮፕላንም ተሰጥቷቸው ነበር፤ ንጉሡ አብልጠው የሚኮሩት ግን በወንበሩ እንደነበር ይነገራል። ችግሩን የሚያውቅ ሰው ሥጦታውን በዋጋው አይመዝንም።

እኛስ? የግራ ጉልበቴ መታጠፍ እምቢ ብሎኝ መኪና ልግዛ ስል ወዳጆቼ ሁሉ የሰጡኝ ምክር አንድ ነው፦ «ስትሸጠው ዋጋ የሚያወጣውን ግዛ።» እኔ ልገዛ፣ እነሱ ሊሸጡልኝ! ሰማኋቸውና ባለ ማኑዋል ማርሽ፣ መሬት የሚልስ አጭር መኪና ገዛሁ። ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀራል። ለመውጣት ደግሞ በሩን አንቄ እንደ ጉድጓድ ውሃ ራሴን እቀዳ ነበር።

በመከራ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ግራ እግሩ ለደከመ ሰው አውቶማቲክ ማርሽ ቅንጦት አይደለም፤ ቀኝ እግሩ ከደከመ ግን ነዳጅና ፍሬን በእጅ እንዲሠሩ ማስተካከል ያስፈልጋል። ወንበሩ ቆመው ሲለኩት ዳሌ አካባቢ ይድረስ፤ ከዚያ ካነሰ መውጣት፣ ከዚያ ከበለጠ መግባት ጣጣ ነው። በሩ ወለል ብሎ ይከፈት። ተሽከርካሪ ወንበር ወይም ክራንች ያለው ሰው የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍቶ፣ አስገብቶ፣ አውጥቶ ይሞክር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ሄዶ አሥር ጊዜ ይግባ፣ አሥር ጊዜ ይውጣ። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አዛውንቶች ባጃጅን ለምን እንደሚወዱ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወለሉ ዝቅ፣ ጎኑ ክፍት ነው፤ ጀርባን ሰጥቶ ቁጭ ማለት ይቻላል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለበትም፤ ለእንደኔ ዓይነቱ እግር ምሥራች ነው። ለገጠሩ መንገድ ግን ባትሪው የት ይሞላል፣ ሆዱ ከመሬት ስንት ይርቃል ብሎ መጠየቅ ግድ ነው፤ የግመሎቹን ነገር አንርሳ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች ስምምነት ሰው በመረጠው መንገድ፣ በመረጠው ጊዜ፣ በሚችለው ዋጋ እንዲንቀሳቀስ አገሮች ያግዙ ይላል። «በመረጠው» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። የእማዬ ቃል ናት።

ያን መኪና በኪሳራ ሸጥኩት። በ2010 ዓ.ም. ወንበሩ ከፍ ያለ፣ አውቶማቲክ መኪና ይዤ ቡሬ ሄድኩ። በሩን ከፍቼ እማዬን ልደግፍ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ወንበሩን በመዳፏ ለካች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ አለች፣ እግሮቿን አንድ በአንድ አስገባች። እጄ አሁንም እንደተዘረጋ ነው።

«ምን ትገተራለህ?» አለችኝ። «በሩን ዝጋና እንሂድ።»