ከጋን ስባሪ እስከ ጥቁር ላስቲክ፦ የቁስቋም ግቢዎች አበባና የመጋቢት ፀሐይ

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለምትገኝ፣ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ቀትር ሲሆን ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት ግድግዳ ጥላ የለውም። ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፈዋል፣ አየሩ ደርቋል፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ደግሞ ፀሐዩ ቁጥሩ ከሚለው በላይ ይጠብሳል። መሬት ላይ የተተከለ ወይራ ይህን አይፈራም፤ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ቀዝቃዛ አፈር ያገኛል። በረንዳ ላይ በጣሳ የተቀመጠ ጤና አዳም ግን መሄጃ የለውም። እኔ ቁስቋም ኮረብታ ሥር ተወልጄ፣ እዚሁ ከተማ ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። በሰፈራችን አበባና ቅመም በበጋ ሲሞትም ሲድንም አይቻለሁ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ዕቃው ላይ ይወድቃል።

የአበባ ወራችን የሚያበቃው በራሳችን በዓል ዋዜማ ነው። ወርኃ ጽጌ መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 ይፈጸማል፤ በማግስቱ ቁስቋም ማርያም ትነግሣለች። በዓሉ ቅድስት ቤተሰብ በግብፅ ስደት ያረፉበትን የቁስቋምን ተራራ የሚያስታውስ ነው። እቴጌ ምንትዋብም ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1723 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑንና ቤተ መንግሥቱን በኮረብታው ላይ ሲያሠሩ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አሉት። ካህናቱ ማኅሌተ ጽጌን ጨርሰው ሲወጡ የሰፈሩ ሴቶች ስለ ዝናብ መርሳት ይጀምራሉ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ክረምት መግቢያ ተክሉ የሚኖረው በእጅ በሚያጠጡት ውሃ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ፣ በእቴጌይቱ ግቢ በፈንጣጣ የታመሙ ልጆችን ሲያክም ማረፊያው እዚሁ ቁስቋም ነበር። የዝናብ መጠን ለክቶ የመዘገበ ሰው ነው። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ዕፅዋታችንን በቀለም ሥሎ፣ አገሩ ሳይመለስ እዚሁ ጎንደር አረፈ። ብሩስ በስናርና በኑቢያ በረሃ አድርጎ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ይዞ የሄደው ዘር ነው። ብልህነት ነው፤ በዚያ በረሃ ችግኝ ተሸክሞ የሚዘልቅ ግመል አልነበረም። ከእሱ በፊት ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ቀድማ፣ የግብፅ ንግሥት ሃትሼፕሱት ከፑንት ምድር የዕጣን ዛፍ ከነሥሩና ከነአፈሩ በቅርጫት አስነቅላ በመርከብ አስጭናለች፤ ሥዕሉ ዴይር ኤል ባሕሪ ባለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ አለ። ፑንትን ብዙ ሊቃውንት ከእኛው የቀይ ባሕር አካባቢ ያስጠጓታል። ተሸካሚዎቹ ዛፉን የያዙት በቅርጫት መሆኑን ልብ በሉ፤ ቅርጫት ይተነፍሳል።

እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን የአበባ ዕቃ ተብሎ የሚገዛ ነገር አልነበረም። የጠላ ጋን ሲነቃ ወይም አፉ ሲሰበር ሎሚ ይተከልበታል። እንስራ ከወንዝ መልስ ወድቆ ሲሰበር ደህናው ግማሽ ለአሪቲ፣ ገሉ ደግሞ ከሥር ለውሃ ማጣሪያ ይሆናል። የውሃ መቅጃ ሸክላ ላብ የሚመስል ነገር እንደሚያወጣ ማንም ያውቃል። በሸክላ ሠሪዎች መንደር በወለቃ ሸክላ የሚተኮሰው ሜዳ ላይ፣ በማገዶና በኩበት ነው፤ እሳቱ እንደ ፋብሪካ ስለማይበረታ ገላው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ውሃ በእነዚያ ወጥቶ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚህ ነው፤ ግማሽ እንስራ ውስጥ ያለ አፈርም እንዲሁ።

ወለቃ ከከተማው በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ናት። ሸክላውን ይሠሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ አንጥረኞችና ሸማኔዎች። ይህን ስጽፍ አፌን የሚመረኝ ነገር አለ፦ ቅዳሜ ገበያ ላይ ምጣዳቸውን ተከራክሮ የሚገዛ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ ቡዳ ናቸው ብሎ ልጁን ይሸሽግባቸው ነበር። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በኋላም ግንቦት 1983 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ሙያውን የቀሩት ጎረቤቶች ይዘውታል። ዛሬ መንገድ ዳር የሚደረደረው ግን በብዛት ለቱሪስት የሚሸጥ ትንንሽ ምስል ነው፤ ትልቅ ጋን የሚያዝ ሰው ቀንሷል።

ቆርቆሮ የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ጣሊያን መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ኅዳር 18 ቀን 1934 እጁን እስኪሰጥ ድረስ ፒያሳን ሠራ፤ ሲሄድ በርሜልና የቤንዚን ጣሳ ትቶ ሄደ። ጎንደሬ ደግሞ ዕቃ አይጥልም። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ድርቅ ጋር የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ተጨመረ፦ ሁለት እጆች ሲጨባበጡ የተሣሉበት። በየበረንዳው የተጨባበጡ እጆች ላይ ጽጌረዳ በቀለ።

ቆርቆሮ አይሰበርም፣ ይቀላል፣ በነጻ ይገኛል፤ ለሥር ግን ምጣድ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎኑ ስትመታው ሙቀቱ ሳይውል ሳያድር አፈሩ ውስጥ ይገባል። የብዙ ተክል ሥር አፈሩ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ማደግ ያቆማል፤ ከዚያ ሲያልፍ ጫፉ ይሞታል፤ ያኔ ውሃ ቢኖርም መጠጣት አይችልም። ቅጠሉ ጠርዙ ላይ ቡናማ ሆኖ ሲነድ ሰው ጥም ነው ብሎ ውሃ ይጨምራል፤ ሞቃት አፈር ላይ ሲደጋገም ሥሩ ይበሰብሳል።

እናቴ ይህን ትምህርት ቤት አልተማረችውም፤ ታውቀው ግን ነበር። የካቲት ሲያልቅ ከግንበኛ ለምና ያመጣችውን ኖራ በአሮጌ ገበቴ ትበጠብጥና፣ ያለቀ የእጅ መጥረጊያ እየነከረች ጣሳዎቹን በውጭ ነጭ ትቀባለች። ቀለሙ ለጌጥ ይመስለን ነበር። ነጭ ነገር ፀሐይን መልሶ እንደሚወረውር ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ምሳሌዬ ያ ጣሳ ሆነ። ከደባርቅ በኩል የመጣላት ጦስኝ ደግሞ የተለየ አያያዝ ነበረው፤ ደገኛ ነውና ጣሳውን ሰፋ ያለ የእንስራ ግማሽ ውስጥ ትከትትና በመሃል ያለውን ክፍተት ጭድ ትጠቀጥቅበታለች። ጭዱን ጠዋት ታርሰዋለች። አፈሩን ከላይ በገለባ ትሸፍነዋለች። መጋቢትና ሚያዝያን ሁሉ ከማድ ቤቱ በስተምሥራቅ ነበር መኖሪያው፦ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ጥላ ያገኛል። በሬ ወለደ ቢሏት ከዚያ አታነሣውም።

ውሃ የምታጠጣው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ቀትር ላይ ቅጠል ሲያንቀላፋ ካየች መጀመሪያ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትሰዳለች፤ እርጥብ ከሆነ ትተወዋለች፣ ማታ ራሱ ይነሣል። ተክል በሙቀት ጊዜ ቅጠሉን የሚያጥፈው ውሃውን ለመቆጠብም ነውና ትክክል ነበረች። ቀሃ ወንዝ ተወርዶ በእንስራ የሚቀዳ ውሃ ስለነበር አትክልት ታጥቦበት የቀረ ውሃ ሁሉ ወደ ጣሳዎቹ ይሄዳል፤ ጨው የነካውና ሳሙና ያለበት ግን አጥር ሥር ይደፋል። ዛሬ በፈረቃ በሚመጣ የቧንቧ ውሃ ቢጫ ጀሪካን የሚደረድር ሁሉ ይህን ልማድ ሊመልሰው ይገባል።

ጀሪካን ካልሁ አይቀር ወደ ፕላስቲክ ልምጣ። የተቆረጠ ጀሪካን፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ከችግኝ ጣቢያ የሚወጣ ጥቁር ላስቲክ፤ አሁን ግቢዎቹን የያዙት እነዚህ ናቸው። የጎረቤቴ ልጅ ዐምና ሚያዝያ ላይ መጥቶ፦

«ጋሼ፣ በቀን ሁለቴ አጠጣለሁ፤ ጽጌረዳዎቹ ግን እየሞቱብኝ ነው» አለኝ።

ሄጄ አየሁት። ጥቁር ጥቁሮቹን ወደ ምዕራብ በሚያይ የድንጋይ ግድግዳ ሥር፣ ሊሾ ላይ ደርድሯቸዋል። ጊዜው ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው።

«እስቲ እጅህን ላስቲኩ ላይ አድርግ።»

ነክቶ ወዲያው አነሣ። «ውይ! ያቃጥላል እኮ።»

«ሥሩ ያለው እዚያው ነው ልጄ።»

ጥቁር ላስቲክ የፀሐይን ሙቀት ይሰበስባል፣ ውሃ በገላው አያተንም፤ የጎንደር ድንጋይ ደግሞ ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ ይተፋል። ሁለቱ ሲገናኙ ተክሉ ሌሊትም እረፍት የለውም። ላስቲኮቹን ከግድግዳው አራቅናቸው፣ ከሊሾው አንሥተን ጣውላ ላይ አደረግናቸው፣ አንዱ ለሌላው ጎን ጥላ እንዲሆን አጠጋጋናቸው፣ ዳር ያሉትን በረጠበ ጆንያ ጠቀለልን፣ ከላይ የሸምበቆ ዳስ ቢጤ አቆምን። ማዳበሪያ ዱቄት ሊነሰንስ ሲል ከለከልሁት፤ በሙቀት የተጎዳ ሥር ማዳበሪያ ያቃጥለዋል፣ ሰኔ እስኪገባ ይቆይ። ከስምንቱ አምስቱ ተረፉ።

በርሜል ውስጥ ለተተከለ ሎሚ የማውቀው ከዚህ የተሻለ መላ አለ። ያልተሟሸ ትንሽ ማድጋ አንገቱ ብቻ እንዲታይ አድርጎ አፈሩ ውስጥ መቅበር፣ ውሃ መሙላትና አፉን መክደን ነው። ሸክላው አፈሩ በጠማው መጠን እያላበ ያጠጣዋል፤ ላዩ ደረቅ ስለሚሆን ፀሐይ የሚወስደው ትንሽ ነው። ቻይናዊው ፋን ሼንግዢ ይህንኑ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በግብርና መጽሐፉ ጽፎታል። የእኛዎቹ ሸክላ ሠሪዎች ዕቃውን ሠርተው አቅርበውልን ነበር፤ እኛ ነን ለጠላና ለወጥ ብቻ የወሰንነው።

ስለዚህ ቁስቋምም ሆነ አዘዞ ያላችሁ አበባ ወዳዶች፣ ለመጪው በጋ ከአሁኑ ወለቃ ወጥታችሁ እዘዙ። ለሸክላ ሠሪዋ ሁለት ነገር ንገሯት፦ በጎመን ዘር እንዳታሟሸው፣ የታችኛውንም ቀዳዳ ሳይተኮስ በፊት እንድታበጅለት። ከተተኮሰ በኋላ በምስማር ልብሳው ብትሉ ይነቃል።