ከበርሜል እስከ ጠረጴዛ፦ የቤት ውስጥ በረራ መቆጣጠሪያዎች ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ በፈረንሳይ፣ በሙርሜሎን የአውሮፕላን ሜዳ፣ አላፊ አግዳሚውን የሚያስቆም ማሠልጠኛ ነበር። ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል አንዱ ግማሽ በሌላው ላይ ተደርቦ ቆሟል። ሠልጣኙ ላይኛው ግማሽ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና በግራና በቀኙ ያሉትን ሁለት መዘውሮች ይይዛል። ባልደረቦቹ ከውጭ ሆነው በርሜሉን ይወዘውዙታል። እሱ ደግሞ መዘውሮቹን እያዞረ፣ ከፊቱ ያለችውን ዘንግ ከአድማሱ መስመር ጋር አስተካክሎ ለመያዝ ይታገላል። መዘውሮች የተመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሠልጣኙ የሚዘጋጅለት አንትዋኔት የተባለው አውሮፕላን የሚመራው በዱላ ሳይሆን በእነዚሁ የጎን መዘውሮች ነበር፤ በአንዱ አፍንጫው ከፍና ዝቅ ይላል፣ በሌላው ክንፎቹ ያዘነብላሉ።

ዛሬ ሰው በቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚያስረው ጆይስቲክ የዚያ በርሜል የልጅ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለፉት መቶ ምናምን ዓመታት ለዓይን የሚታየው ነገር እጅግ ተሻሽሏል፤ ደመናው፣ ተራራው፣ የከተማው መብራት ሳይቀር ስክሪን ላይ አለ። እጅ የሚሰማው ነገር ግን ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚመጣው። የቤት መቆጣጠሪያዎች ታሪክ በአብዛኛው ይህን ጉድለት ለመሙላት የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብራሪ ምን መያዝ እንዳለበት ስምምነት አልነበረም። በ1903 የራይት ወንድማማቾች ሲበሩ አብራሪው በሆዱ ተኝቶ፣ ዳሌውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያንሸራተተ ነበር ክንፎቹን የሚያጣምመው፤ ከፍታውን የሚቆጣጠረው በእጁ በያዘው ማንሻ ነው። ሉዊ ብሌሪዮ በ1908 በስምንተኛው አውሮፕላኑ ላይ ከጉልበቶቹ መሃል አንድ ዱላ፣ ከእግሩ ሥር ደግሞ የጭራውን መሪ የሚያዞር መርገጫ አደረገ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ጁላይ 25 ቀን፣ ፈረንሳይንና እንግሊዝን የሚለየውን ባሕር ተሻግሮ ስሙ ዓለምን ሲያዳርስ የመቆጣጠሪያው አደላደልም አብሮት ታወቀ። ዱላ ለእጅ፣ መርገጫ ለእግር የሚለው ሥርዓት እስከ ዛሬ ጸንቷል። አውሮፕላኖች እየገዘፉ ሲመጡ ደግሞ ትልልቁን የክንፍና የጭራ አካል በኬብል ለመጎተት የአንድ እጅ ጉልበት አልበቃ አለ፤ በሁለት እጅ የሚያዘው፣ ዮክ የሚባለው መሪ የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሰው ከሙዚቃ ቤት ነው። ኤድዊን ሊንክ ያደገው በኒው ዮርክ ግዛት፣ በቢንግሃምተን ከተማ፣ በአባቱ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ውስጥ ነው። መብረር ለመማር የሚከፈለው ገንዘብ ከአቅም በላይ በነበረበት በ1920ዎቹ፣ ኦርጋን ከሚሠራበት ዕቃ ወናፉን፣ ቫልቩንና የአየር ፓምፑን ወስዶ አጫጭር ክንፍ ያላት ትንሽ አውሮፕላን መሰል ሣጥን ሠራ። ሠልጣኙ ዱላውን ሲያንቀሳቅስ ቫልቭ ይከፈታል፤ ከሣጥኗ ሥር ያለው ወናፍ አየር ሲገባው ወይም ሲወጣለት ሣጥኗ ታዘነብላለች። ለዚህ ፈጠራው ያመለከተው የባለቤትነት መብት በ1931 ተሰጠው። ያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ የመዝናኛ ሥፍራዎች ነበሩ።

ነገሩን የለወጠው ሐዘን ነው። በ1934 የብርድ ወራት የአሜሪካ ጦር አየር ኮር የፖስታ በረራን ሥራ እንዲረከብ ታዘዘ። በጨለማና በጭጋግ፣ መሣሪያ ብቻ እያዩ መብረርን ያልለመዱ አብራሪዎች በሳምንታት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ሠራዊቱ ከሊንክ ስድስት ማሠልጠኛዎችን አንዱን በ3,500 ዶላር ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ10,000 በላይ ተሠርተው ግማሽ ሚሊዮን ያህል አብራሪዎች ሠለጠኑባቸው። የሊንክ ሣጥን መስኮት ሳይኖራትም አስተማረች፤ ሽፋኗ ተዘግቶ ሠልጣኙ ከመሣሪያዎቹ በቀር የሚያየው ነገር አልነበረም። እጅና እግር ትክክለኛውን ነገር ከያዙ ዓይን ብዙ ባያይም መማር እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በረራው ወደ ቤት ሲገባ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ብሩስ አርትዊክ የመመረቂያ ጥናቱን የሠራው ኮምፒውተር የበረራን ምስል እንዴት ወዲያው ወዲያው መሳል እንደሚችል በሚለው ላይ ነው። ሰብሎጂክ በተባለው ኩባንያው በኩል ለአፕል ሁለት ኮምፒውተር የበረራ ፕሮግራም አወጣ፤ በ1982 ደግሞ ማይክሮሶፍት የእሱን ሥራ ለአይቢኤም ኮምፒውተር አቀረበው። አዲሱ የቤት አብራሪ ከቺካጎ ሐይቅ ዳር፣ ከሚግስ ፊልድ፣ ይነሳል። ዓይኑ የሚያየው ነገር አለው፤ እጁ ግን የያዘው የኪቦርዱን ቁጥሮች ነው። 4 ወደ ግራ፣ 6 ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ 8 አፍንጫውን ይደፋል፣ 2 ያነሳል፤ 5 ሁሉን ወደ መሃል ይመልሳል። አንድ ጊዜ መጫን አንድ እርምጃ ነው። ለእግር የሚሆን ነገር ስላልነበረ ፕሮግራሙ የጭራውን መሪ ከክንፉ ጋር አጣምሮ በራሱ የሚያዞር ምርጫ ነበረው፤ ይህ ምርጫ እስካሁን አለ። በቁጥር ቁልፍ ስንት ትውልድ ማረፍ እንደተማረ ሲታሰብ ትዕግሥታቸው ያስደንቃል።

እውነተኛ ዱላ ለማስገባት የሚያስፈልገው በር ግን ከ1981 ጀምሮ በአይቢኤም ማሽን ላይ ሊገጠም ይችል ነበር፤ ጌም ፖርት የሚባለው፣ ባለ 15 ቀዳዳው መሰኪያ። አራት ተለዋዋጭ እንቅስቃሴዎችንና አራት ቁልፎችን ብቻ ይቀበላል። እነዚህ አራት እንቅስቃሴዎች ለበረራ ልክ ሆነው ተገኙ፤ ሁለቱ ለዱላው፣ አንዱ ለሞተሩ ጉልበት፣ አንዱ ለእግር መርገጫው።

የአሠራሩ ነገር ትንሽ ሊቆዩበት ይገባል፤ ዛሬም ድረስ አብራሪውን የሚያስቸግሩት ብዙ ነገሮች ከዚህ ይጀምራሉ። በዱላው ሥር ያለው ፖቴንሽዮሜትር ከድሮ ሬዲዮ የድምፅ ማስተካከያ ጋር ወንድማማች ነው፤ ሲዞር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይለወጣል። ኮምፒውተሩ ይህን በቀጥታ አይለካም። አንዲት ካፓሲተር በዚያ ተቃውሞ በኩል እስክትሞላ ድረስ እየደጋገመ ይቆጥራል፤ ቆጠራው ሲረዝም ዱላው ወደ አንድ ጎን ሄዷል ማለት ነው፣ ሲያጥር ወደ ሌላው። ችግሩ ፈጣን ኮምፒውተር ቶሎ ቶሎ መቁጠሩ ነው። አዲስ ማሽን የገዛ ሰው ዱላው ሳይነካ አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ያገኘዋል። ለዚህ ሲባል ፍጥነቱ በትንሽ ቁልፍ የሚስተካከል የጌም ካርድ ይሸጥ ነበር። ዱላውን ወደ አራቱም ማዕዘን እየወሰዱ ልኩን ለፕሮግራሙ የማሳየት ልማድም የተተከለው በዚያ ዘመን ነው። ፖቴንሽዮሜትሩ አቧራ ሲገባው ወይም ሲያረጅ ንባቡ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መሃል ላይ ያለውን ጥቃቅን እንቅስቃሴ ችላ እንዲል ጠባብ ክልል መስጠት ግድ ሆነ።

በዚህ ጠባብ በር በኩል ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች ብዙ ሠሩ። ሲኤች ፕሮዳክትስ በጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ዮክና መርገጫ ለተራው ሰው አቀረበ። በ1990 በኦሪገን የተመሠረተው ትረስትማስተር ደግሞ የተዋጊ አውሮፕላንን ዱላ መልክ ይዞ መጣ። የመሰኪያው አራት ቁልፎች ስላልበቁት በትሮትሉ፣ ማለትም በሞተር ጉልበት ማንሻው፣ ላይ ያሉትን ቁልፎች በኪቦርዱ ገመድ በኩል አሳለፋቸው፤ አብራሪው በአውራ ጣቱ ቁልፍ ሲጫን ኮምፒውተሩ የሚያየው የተጫነ ፊደል ነው። ሁለት እጅን ከዱላና ከትሮትል ሳያነሱ ሁሉን መሥራት በተዋጊ ጄቶች ዘንድ የኖረ ሐሳብ ሲሆን፣ ኤፍ-16 ዓይነተኛ ምሳሌው ነው። የዚያ አውሮፕላን የጎን ዱላ በመጀመሪያ ጭራሽ አይነቃነቅም ነበር፤ የሚለካው የእጅን ግፊት ብቻ ነው። አብራሪዎቹ አልተመቻቸውም፤ በኋላ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። ኮምፒውተሩ ያ እንቅስቃሴ አያስፈልገውም ነበር። የሰው እጅ ግን ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ጉድለት የሚታየው። ሴስና 172 በተባለችው ትንሽ አውሮፕላን ላይ መሪው ከጭራው ጋር በኬብል የተያያዘ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይከብዳል፣ አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ክንፉ መሸከም ሊያቅተው ሲቃረብ ይላላል። አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ አንስቶ መሪውን በጉልበት ይይዝና ትሪም የሚባለውን መዘውር ያዞራል፤ ክብደቱ ከእጁ ላይ ቀስ እያለ ይነሳል፣ በመጨረሻ እጁን ሲለቅ አውሮፕላኑ ባለበት ይቀጥላል። የቤቱ መሪ ያለው ሞላ ነው። ሞላ ስለ ፍጥነት የሚያውቀው የለም፤ ሁልጊዜ ወደ መሃል ይጎትታል። ስለዚህ የቤት አብራሪ ትሪሙን እያዞረ በዚያው ልክ መሪውን ወደ መሃል መመለስ አለበት። ይህ በእውነተኛው አውሮፕላን የሌለ እንቅስቃሴ ነው፤ ከቤት ወደ ሴስና የተሻገረ ተማሪ ሊያርመው የሚገባ ልማድ ይሆናል።

ማይክሮሶፍት በ1997 ያወጣው ሳይድዊንደር ፎርስ ፊድባክ ፕሮ በውስጡ ባሉት ሞተሮች ዱላውን የሚገፋና የሚጎትት ነበር። ተከታዩ ሞዴል እጀታው ላይ የእጅ መኖርን የሚያይ የብርሃን መለኪያ አለው፤ እጅ ሲነሳ ግፊቱ ይጠፋል። ኩባንያው ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጆይስቲክ መሥራቱን አቆመ። ያገለገሉት ግን ለረጅም ጊዜ ተፈላጊ ሆነው ኖረዋል፤ ይገባቸዋልም።

ከዚያ በኋላ መሻሻሉ በሌላ በኩል መጣ። ዩኤስቢ የጌም ፖርትን ቦታ ወሰደ፤ ዊንዶውስ ቪስታ ሲወጣ አሮጌው መሰኪያ ጭራሽ ተረሳ። ያረጅ በነበረው ፖቴንሽዮሜትር ፋንታ የማግኔትን ቅርበት የሚለካ መሣሪያ ገባ። ኤድዊን ሆል በ1879 ባገኘው ክስተት የሚሠራው ይህ መለኪያ የሚፋተግ አካል ስለሌለው ለዓመታት ንባቡ አይንቀጠቀጥም። ትረስትማስተር በ2010 ባወጣው ዋርትሆግ፣ የኤ-10 አውሮፕላን መቆጣጠሪያ ቅጂ ላይ፣ የተጠቀመው ይህንኑ ነው።

ኦገስት 18 ቀን 2020 ማይክሮሶፍት አዲሱን ፍላይት ሲሙሌተር ሲያወጣ ዓለም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ቤት ተቀምጦ ነበርና ዮክና ጆይስቲክ ከገበያ ጠፋ። በዚያ ሰሞን ስሙ የገነነው የሃኒኮም አልፋ ዮክ 180 ዲግሪ መዞሩ ትልቅ ነገር ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበሩት የቤት መሪዎች ባብዛኛው ከዚህ ያነሰ ስለሚዞሩ ትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ብዙ ያዘነብል ነበር። ምርጫው ግን የሚጀምረው ከሚበረው አውሮፕላን ነው። ኤርባስ በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረው ኤ320 ላይ ዮኩን አስወግዶ የጎን ዱላ አደረገ፤ ቦይንግ መሪውን አልተወም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 የተረከበው 787 በመሪ፣ በ2016 የተረከበው ኤ350 በጎን ዱላ ይበራሉ። ሁለቱንም በቤቱ ማብረር የሚፈልግ፣ ገንዘቡም ለአንድ ብቻ የሚበቃው ሰው ዱላውን ቢወስድ ይሻላል፤ በዱላ ቦይንግን ማብረር፣ በዮክ ተዋጊ ጄትን ከማብረር ይልቅ ይቀላል።

ከዱላው ቀጥሎ ሊገዛ የሚገባው መርገጫ ነው። እጀታው ባለበት የሚጠመዘዝ ጆይስቲክ የጭራውን መሪ ያዞራል፤ ሆኖም በተሻጋሪ ነፋስ ሲያርፉ አንዱ እጅ ሦስት ሥራ ይደራረብበታል። መርገጫ ሲገዛ ደግሞ ብዙዎች ያላሰቡት ችግር ይመጣል፤ ባለ ጎማ የቢሮ ወንበር እግር በተገፋ ቁጥር ወደ ኋላ ይሸሻል። መርገጫውንና ወንበሩን ማሰር፣ ወይም ጎማ የሌለው ወንበር መጠቀም፣ ከማንኛውም የሶፍትዌር ማስተካከያ ይበልጣል። ዮክም ጠረጴዛ ላይ ሲታሰር ደረት ጋ ይደርሳል፤ በሴስና ውስጥ ግን ከጭን ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ለዚህ ነው አንዳንዶች ዝቅ ያለ መደርደሪያ የሚያሠሩት። የጠረጴዛ ዱላ ደግሞ አጭር ስለሆነ፣ መሃል አካባቢ ምላሹን ማለዘብ ይረዳል። መሃል ላይ ጥቃቅን እንቅስቃሴን ችላ የሚለውን ጠባብ ክልል ግን በተቻለ መጠን ማሳነስ ነው፤ ማግኔት ላለው መሣሪያ ዜሮ ቢሆንም አይጎዳም።

ባሕር ጠለል አጠገብ የሚበሩ ሰዎች የሚተዉት አንድ ማንሻም አለ። በትሮትል ሰሌዳ ላይ ጥቁሩ ለጉልበት፣ ሰማያዊው ለፕሮፔለር፣ ቀዩ ለነዳጅና አየር ድብልቅ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ይገኛል። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ቀዩ ማንሻ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ከቀረ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበትና ጉልበት ያጣል። ፕሮግራሙ ድብልቁን በራሱ የሚያስተካክልበት ምርጫ ከጠፋ፣ ከቦሌ በሴስና የሚነሳ ሰው ቀዩን ሳብ አድርጎ የሞተሩ ዙር ከፍ የሚልበትን ቦታ መፈለግ አለበት። በአዲስ አበባ ለሚበር ሰው ባለ ሦስት ማንሻ ሰሌዳ ጌጥ አይደለም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሞተር የሚገፋ መቆጣጠሪያ ተመልሶ መጥቷል። ሞዛ የተባለው ኩባንያ በ2024 ያቀረበው ኤቢ9 ከሳይድዊንደር እጅግ የሚበልጥ ጉልበት አለው፤ ፕሮግራሙ ከደገፈው ፍጥነት ሲጨምር ይከብዳል፣ ትሪሙ ሲዞርም የዱላው ማረፊያ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ዋጋው ከተራ ጆይስቲክ ብዙ እጥፍ ነው፤ ጠንካራ ማሰሪያም ይፈልጋል። ሞላ ያለው መቆጣጠሪያ የያዘው አብዛኛው የቤት አብራሪ አሁንም ትሪሙን በትንሽ በትንሹ እያዞረ፣ ዱላውን በዚያው ፍጥነት ወደ መሃል እየለቀቀ ይበራል።