ለሚመለከተው ሁሉ

የፓተንት ማመልከቻ በአማርኛ ሲጻፍ አንድ ግሥ ሥራ ይበዛበታል። ወረቀቱን የሚያቀርበው ሰው አመልካች ነው፤ ወረቀቱ ማመልከቻ ነው። ጉዳዩ የቪዲዮ ኮዲንግ ከሆነ፣ በተለይም «ይህ ምስል መቼ ይፈታ፣ መቼስ ይታይ» የሚለውን ለማሽን የሚነግር ፈጠራ ከሆነ፣ መብት የሚጠየቅበት ነገር ራሱ ምልክት ነው። ምልክቱ የሚላከው ደግሞ ተመልካች እንዳይጉላላ ነው። አራቱም የመለከተ ዘሮች ናቸው።

ግሡ ባዶውን ዛሬ እምብዛም አይሰማም። «ተ» ሲቀድመው የዓይን ሥራ ይሆናል፤ ተመለከተ። «አ» ሲቀድመው የጣት ሥራ ይሆናል፤ አመለከተ። አመልካች ጣት የምንለው ለዚህ ነው፤ የሰዋስው መምህራንም «ይህ» እና «ያ»ን አመልካች ተውላጠ ስም ብለው የሰየሟቸው ለዚሁ ነው። ከጣት ወደ አቤቱታ ያለው መንገድ አጭር ነው፦ በደሉን ለዳኛ የጠቆመ ሰው አመለከተ ተባለ፤ አቤቱታው በወረቀት ሲሰፍር ማመልከቻ ሆነ። የሚገርመው ለመኪና መታጠፊያ መብራት አማርኛ ይህን ግሥ አለመፈለጉ ነው። ሾፌሩ ሁሉ ፍሬቻ ነው የሚለው፤ ፍሬቻ በጣሊያንኛ ቀስት ነው።

ጣሊያንኛ ከተነሣ ካዛንቺስ አይታለፍም። የሠፈሩ ስም የሰው፣ የወንዝ ወይም የታቦት ስም አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት ምህጻር ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ኢንቺስ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ ሲዘረዘር «የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ብሔራዊ ተቋም» እንደ ማለት ነው። በወረራው ዘመን ለጣሊያን ሹማምንትና ጸሐፊዎች አዲስ አበባ ላይ የተሠሩት ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ ተባሉ። የከተማው አፍ ሁለቱን አጣብቆ ካዛንቺስ አደረጋቸው። በ2017 ዓ.ም. ብዙው ሠፈር ለልማት ፈርሶ ነዋሪው ሌላ ቦታ ሄዷል፤ የታክሲ ረዳት ግን ዛሬም የሮምን መሥሪያ ቤት ስም እየጠራ ሰው ይጭናል። ክፍለ ከተማው ቂርቆስ ደግሞ የሕፃኑን ሰማዕት ስም ይዟል። ግሪኮች ስሙን ከሚጽፉባቸው መንገዶች አንዱ ኬሪክስ ከሚለው ቃላቸው ጋር ይገጥማል፤ ኬሪክስ አዋጅ ነጋሪ ነው። ስለ ምልክት ለሚጻፍ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ሠፈር አላውቅም።

ወደ ቪዲዮው እንመለስ። ቃሉ ላቲን ነው፤ «አያለሁ» ማለት ነው፣ ባለቤቱን በሆዱ የያዘ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ኮድ ከኮዴክስ መጣ። ኮዴክስ መጀመሪያ ግንድ ነበር፣ ቀጥሎ ሰም የተቀባ የእንጨት ጽላት፣ ቀጥሎ መጽሐፍ፣ ቀጥሎ የሕግ መጽሐፍ፤ ምስጢራዊ ጽሕፈት የሆነው መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ መኪና ሰሌዳ ላይ ወጣ፦ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ። ዲኮደር ደግሞ ከዲኤስቲቪ ጋር ሳሎን ገባ።

ኳስ የሚያሳዩ ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ቢሆኑ፣ አንዱ በዲሽ ሌላው በኢንተርኔት ቢያሳይ፣ የዲሹ ቤት «ጎል!» ብሎ ሲጮህ የኢንተርኔቱ ቤት ኳሱ ገና መሐል ሜዳ ላይ ነው። ቀደም ብሎ የተሰማው ጩኸት የተመልካቹን ቅዳሜ ያበላሻል፤ ጥፋቱ ግን የማንም አይደለም። የታመቀ ምስል እኩል እኩል ሆኖ አይመጣም። አንዱ ከባድ ነው፣ ቀጣዩ ቀላል። ዲኮደሩ የመጣውን እያጠራቀመ፣ መፍታት ከመጀመሩ በፊት ትንሽ መታገሥ አለበት፤ ቸኩሎ ቢጀምር ማጠራቀሚያው ይደርቅበታል፣ አብዝቶ ቢዘገይ ሞልቶ ይፈስበታል። ምን ያህል እንደሚታገሥ የሚነግረው ከምስሉ ጋር አብሮ የሚላክ አጭር መልእክት ነው። ኤች.264 በ2003፣ ኤች.265 በ2013፣ ኤች.266 በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ መስፈርቶች ናቸው፤ ሦስቱም ለዚህ መልእክት ቦታ አላቸው።

ሌላም ውስብስብ አለ። ምስሎቹ በሚታዩበት ተራ አይላኩም። መሐል ያለው ምስል ከፊቱም ከኋላውም ካለው እየተበደረ ስለሚሠራ፣ አራተኛው ቀድሞ ይፈታል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከእሱ በኋላ። ስለዚህ እያንዳንዱ ምስል ሁለት ሰዓት አለው፤ የሚፈታበትና የሚታይበት። መቁጠሪያው ብዙውን ጊዜ ሰከንድን 90,000 ቦታ ይከፍላል፤ በሰከንድ 25 ምስል ሲታይ ከአንዱ እስከ ቀጣዩ 3,600 ይቆጠራል ማለት ነው።

እንግዲህ የፓተንት መርማሪው ፊት የሚቀርበው ይህ ነው። ምስል አይደለም፣ ብረትም አይደለም፤ ከምስሉ ጎን የሚጓዝ ጥቂት ቁጥር ነው። የእኛ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፈጠራን ሲተረጉም በቴክኖሎጂ መስክ ለአንድ ችግር በተግባር መፍትሔ የሚሰጥ ሐሳብ ነው ይላል። አዲስ መሆን፣ ለሙያው ሰው ግልጽ ያልነበረ መሆን፣ በኢንዱስትሪ ሊሠራበት የሚችል መሆን አለበት። ወዲያው ደግሞ በር ይዘጋል፦ ግኝት፣ የሳይንስ ንድፈ ሐሳብ፣ የሒሳብ ዘዴ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ፓተንት አያገኙም። ሰከንድን 90,000 ቦታ እየከፈለ የሚቆጥር ቁጥር ከየትኛው ወገን ነው?

አውሮጳውያን ይህን ጥያቄ በ2000 እ.ኤ.አ. መልሰውታል። የፊሊፕስ ኩባንያ ማመልከቻ ነበር፤ የተቀረጹ ምስሎች የያዘ ዲስክ፣ ከምስሎቹ ጋር የመስመር ቁጥር፣ አድራሻና ማመሳሰያ አብሮ የተጻፈበት። የአውሮጳ ፓተንት ቢሮ የይግባኝ ቦርድ ቲ 1194/97 በተባለው ውሳኔው ሁለት ዓይነት መረጃ ለየ። ይዘቱ ቢጠፋ ቴሌቪዥኑ ላይ በረዶ የመሰለ ትርጉም የለሽ ነገር ይታያል፣ ማሽኑ ግን ይሠራል። ሥራ የሚያሠራው መረጃ ቢጠፋ ሥርዓቱ ራሱ ይቆማል። ሁለተኛው ዓይነት ዝም ብሎ መረጃ ማቅረብ አይደለም፣ ቴክኒካዊ ነው አለ ቦርዱ።

ይህን ለደብተራ ማስረዳት አይከብድም። ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፉት ፊደላትና ጭረቶች ስማቸው ምልክት ነው። ሥርዓቱን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) እንዳበጁት ይነገራል። ይዘት የሚባለው ምልክት ድምፁን ያዝ ይላል፤ ቁርጥ ይቆርጣል፤ ርክርክ ያንቀጠቅጣል። አንዳቸውም በአፍ አይነበቡም። ቃሉ ቢፋቅ የሚዜመው ነገር ትርጉም ያጣል፤ ምልክቱ ቢፋቅ ግን ቃሉ እያለ ማኅሌቱ አይገጥምም፣ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይቀድማል። የፊሊፕስ ማመልከቻ መልሱን ያገኘው በዚሁ ልዩነት ነው።

አሜሪካኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። በ2007 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በናውተን ጉዳይ ላይ ምልክት ብቻውን፣ አላፊ ሞገድ እንደ መሆኑ፣ ሕጉ ከሚዘረዝራቸው የፈጠራ ዓይነቶች ውስጥ አይገባም አለ። ከዚያ ወዲህ ጠበቆች ምልክቱን የሚቀበል ዲኮደር ወይም የሚያስቀምጥ ሜሞሪ ብለው ይጽፋሉ። ይህ ውሳኔ ከሕግ ይልቅ የአጻጻፍ ጥበብ ያስተማረ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ትልቁ ቃል፤ ወደ ፈጠራ። በሠፈር አማርኛ ስሙ አይታመንም። የፈጠራ ወሬ ውሸት ነው፤ የፈጠራ ክስ ሰው ያሳስራል፤ የፈጠራ ድርሰት ልብ ወለድ ነው። በግዕዝ ግን ፈጠረ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ፈጣሪ፣ ፍጥረት፣ ተፈጥሮ ሁሉ ከዚያ ናቸው። ዓረብኛም ፈጠረ አለው፤ መሠረታዊ ትርጉሙ መሰንጠቅ፣ መክፈት ነው። ጾም የሚፈታበት ኢፍጣርና ዒድ አልፈጥር ከዚሁ ሥር ናቸው። ቁርኣን ውስጥ ፋጢር ሲባል ግን የሰማያትና የምድር ፈጣሪ ማለት ነው፤ ጀርመናዊው ሊቅ ቴዎዶር ኖልደከ ይህን «መፍጠር» የሚለውን ትርጉም ዓረብኛ ከግዕዝ የወሰደው ነው ብሏል።

በተፍሲር መጻሕፍት የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። የነቢዩ ሙሐመድ የአጎት ልጅ ኢብን ዓባስ ፋጢር የሚለው ቃል ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር ይላሉ፤ የገባቸው ሁለት የበረሃ ሰዎች በአንድ የውኃ ጉድጓድ ተጣልተው ፊታቸው ሲቀርቡ ነው። አንደኛው «እኔ ነኝ የፈጠርኳት» አለ። ቀድሜ የቆፈርኳት እኔ ነኝ ማለቱ ነበር።

ከዚህ የተሻለ የፓተንት ክርክር አላነበብኩም። ማን ቀደመ ነው ነገሩ። ማመልከቻ ውስጥ «ይህ ይገባኛል» የሚለው ክፍል ከጉድጓዱ ክርክር የሚለየው በርዝመቱ ብቻ ነው። አዋጃችን አዲስነትን በዓለም ዙሪያ ይለካዋል፤ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በየትም አገር ለሕዝብ የተገለጸ ነገር አዲስ አይደለም። በቪዲዮ ኮዲንግ ደግሞ «የተገለጸ» የሚባለው ብዙ ጊዜ የመስፈርት ስብሰባ ሰነድ ነው። ኤች.265ን ያዘጋጀው ቡድን ከሚያዝያ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በድሬዝደን ከተማ ከተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባው አንሥቶ፣ የባለሙያዎቹን ሐሳብ በቁጥርና በቀን እየመዘገበ ለሁሉም ክፍት አድርጎ አስቀምጧል። መርማሪ የሚፈልገው ያንን ቀን ነው። ሰነዱ ከማመልከቻው በአንድ ቀን ከቀደመ ጉድጓዱ የሌላ ነው።

መርማሪ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ፖሊስ ጣቢያ ነው። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ደግሞ ፈጣሪ የማይመረመር ነው። ስለዚህ አማርኛ ለመሥሪያ ቤቱ ያቀበለው አንድ ደፋር ሐረግ ነው፦ የፈጠራ ምርመራ። ለቄስ ቢነገር ያስደነግጣል።

የቀረው ፓተንት ራሱ ነው። ላቲኑ ፓቴሬ ክፍት መሆን ነው፤ ከዓረብኛው ሰንጣቂ ፈጠረ ጋር የዝምድና ሳይሆን የትርጉም ግጥምጥሞሽ አለው። የአውሮጳ ነገሥታት ሁለት ዓይነት ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ታጥፎ የሚታተመው የሚከፈተው በተቀባዩ እጅ ብቻ ነው፤ ማኅተሙ ከግርጌ የሚንጠለጠለው ግን ማንም ያነበዋል፣ ስሙም ክፍት ደብዳቤ ነው። በ1449 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ ስድስተኛ ጆን ኦፍ ዩቲናም ለተባለ ፍላማንዳዊ ባለሙያ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሰጠ፤ ባለቀለም መስታወት የመሥራቱ ጥበብ ለ20 ዓመት የእሱ ብቻ እንዲሆን። ካዛንቺስ አጠገብ አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሰው የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ቀና ብሎ ሲያይ፣ በእንግሊዝ ከሚታወቁት የፈጠራ ፓተንቶች የመጀመሪያው ለዚህ ሙያ እንደተሰጠ ማስታወስ ይችላል። ጣሊያኖች ፓተንቴ ሲሉ ግን መንጃ ፈቃድ ነው።

ያ ክፍት ደብዳቤ የሚጀምረው ይህ ጽሑፍ ለሚደርሰው ሁሉ በሚል አድራሻ ነበር። የእኛ ቢሮዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲጽፉ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላሉ፤ ግሡ ያው ነው። አመልካች ባመለከተው ምልክት ላይ መንግሥት ለሚመለከተው ሁሉ የጻፈው ደብዳቤ ነው ፓተንት።

ደብዳቤው ቀን አለው፣ ቀኑም የራሱ ጣጣ አለው። አዋጅ 123ን በአማርኛ ስንጠቅስ 123/1987 እንላለን፣ በእንግሊዝኛ ሲጠቀስ 123/1995 ነው። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤትን ያቋቋመው አዋጅ ደግሞ በአማርኛ 320/1995 ነው፣ በእንግሊዝኛ 320/2003። ሁለት 1995 አለን፣ በመካከላቸው ስምንት ዓመት ያህል። የፓተንት ዘመን 15 ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም ማመልከቻው ከገባበት ቀን ነው፤ ፈጠራው ኢትዮጵያ ውስጥ በሚገባ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። በውጭ አገር ቀድሞ ያስመዘገበ አመልካች ያንን ቀን ሲጠቅስ «እ.ኤ.አ.» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ቢረሳ፣ ፈጠራው በወረቀት ላይ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በኋላ ሊወለድ ይችላል።