ናቹራል ወይስ ሶሻል? ከጎንጅ እስከ ፖሊ

አሥረኛ ክፍል የጨረስንበት ክረምት ትዝ ይለናል። ውጤት ወጣ፤ መሰናዶ መግባታችን ተረጋገጠ፤ ከዚያ አንድ ቅጽ ሰጡን። ምርጫው ሁለት ብቻ ነበር፦ ናቹራል ወይስ ሶሻል? ከመካከላችን አንዱ የታሪክ መጽሐፍ ከእጁ የማይለይ ልጅ ነበር፤ የጎንደር ነገሥታትን በተርታ ይቆጥርልን ነበር። ሶሻል ላይ ራይት አድርጎ ቅጹን ሲያስገባ መምህሩ ውጤቱን አየና «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ፣ ሶሻል ገብተህ ምን ልትሆን?» አለው። በቃ፣ ልጁ ናቹራል ገባ።

ያኔ ጥፋቱ የመምህሩ ይመስለን ነበር። አሁን ስናስበው መምህሩም ከእሱ በፊት የተጀመረ ነገር ነው የቀጠለው። በዚህ ሐይቅ ዳር «ምን ልማር?» የሚለው ጥያቄ ዕድሜው ረጅም ነው። መልሱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ግን ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል።

እስቲ ጣናን መሐል አድርጋችሁ ካርታ ዘርጉ። የአብነት ተማሪ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ ከጨረሰ በኋላ «ስትሪም» የሚመርጠው በእግሩ ነበር። ቅኔ ያማረው ወደ ጎጃም፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ ይሄዳል። ድጓ ሊያስመሰክር የፈለገ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ጋይንት ቤተልሔም ይወጣል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ካለ ደግሞ ዙር አባ አለለት። አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ከሆነ መንገዱ ወደ ሰሜን ነው፣ ወደ ጎንደር። ትርጓሜው ራሱ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ ይከፈላል፤ እኛ «ዲፓርትመንት» የምንለው መሆኑ ነው። መቁረጫ ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ተማሪው መምህሩ «በቃህ» እስኪለው ድረስ ይቀጽላል፤ አንዳንዱ በዚያው ሸምግሎ ይቀራል።

ነገሩን ማር አናድርገው። ቆሎ ተማሪ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ በየደጁ ይለምን ነበር፤ ረሃቡ አለ፣ ውሻው አለ፣ በሽታው አለ። ሴት ልጅ ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከዚህ ካርታ ውጭ ነበረች። ዛሬ ማናችንም ያን ኑሮ አንመርጠውም። ነገር ግን አንድ የምንቀናበት ነገር ነበረው፦ ቅኔው አልሆንልህ ያለው ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል። «ስትሪም መቀየር ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ የለጠፈበት አልነበረም። ሀዲስ ዓለማየሁም ከጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነሥተው ነው አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት።

ከዚያ ፋብሪካ መጣ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠራ፤ ኃይል የሚሰጠው የጢስ ዓባይ ማመንጫም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። በ1955 ዓ.ም ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። የትምህርት ክፍሎቹን ስም አንብቡማ፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ፣ ኤሌክትሪክ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ የእርሻ መካኒክ። የመንግሥትን የልማት ዕቅድ የምታነቡ ነው የሚመስላችሁ። ክፋት አልነበረውም፤ ተማሪው የተማረበት ሙያ ፋብሪካ እዚያው ከተማው ውስጥ ጭስ እያወጣ ይታየዋል። ግን ከዚህ በኋላ ምርጫው የሚጀምረው «አገሪቱ ምን ትፈልጋለች?» ከሚለው ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በዩኔስኮ እገዛ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚም እንዲሁ፦ አገሪቱ መምህር ትፈልጋለች። ሁለቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። (በነገራችን ላይ የከተማው ሰው ዛሬም «ፖሊ» እና «ፔዳ» ነው የሚላቸው።)

ወላጆቻችን ማትሪክ የሚፈተኑት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባውም ፍሬሽማን የምትባለውን ዓመት ተምሮ፣ ከየዘርፉ ቀማምሶ፣ ከዚያ ነበር ዲፓርትመንት የሚመርጠው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ለወጠው። አጠቃላይ ትምህርት አሥረኛ ላይ አበቃ፤ መሰናዶ መጣ፤ ፍሬሽማን ቀረ። በሃያ ዓመት አካባቢ ይወሰን የነበረው ነገር አሥራ ስድስት ዓመት ላይ ወደቀ። ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም ተመልሷል፤ ሲመለስ ግን ልጆቹ ቀድመው ናቹራልና ሶሻል ተብለው ተለያይተዋል።

በዚህ ላይ ከሚሌኒየሙ ማግስት ሰባ ሠላሳ ታከለበት። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው መቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተባለ። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል፤ በዚህ አንከራከርም። ግን ቁጥሩ ወደ ክፍላችን ሲወርድ «ጎበዝ ናቹራል፣ ሰነፍ ሶሻል» ወደሚል ስድብ ተለወጠ። መምህሩ ለጓደኛችን የነገረውም ይህንኑ ነው፣ በትሕትና አድርጎት እንጂ። የታሪክ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ውጤት ያልመጣላቸው መጠለያ ተደርጎ ታየ።

አሁን ምርጫው ከዚያም ጠቧል። በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ላለ ስንት ልጅ ቅጹ ራሱ ሳይደርሰው ቀርቷል።

ጓደኛችን ኢንጂነሪንግ ጨርሷል። ይህን ስንጽፍ ደወልንለት፤ መቆጨቱን ልንጠይቀው ነበር። እሱ ግን ፋሲልን፣ አእላፍ ሰገድ ዮሐንስን፣ አድያም ሰገድ ኢያሱን በተርታ ቆጥሮልን፣ «ሳት ብሏችሁ እንዳትጽፉ» ብሎ ዘጋው።

የአንዳችን ታናሽ እህት ደግሞ ዘንድሮ ተራዋ ደርሶ የቱ ይሻለኛል ብላ ጠየቀችን። ሰባ ሠላሳውን፣ ሥራ አጥነቱን፣ ፈተናውን እያነሣን አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። ለካ ቅጹን ሞልታ አስገብታለች። ጂኦግራፊ ስለምትወድ ሶሻል። አባቷ ገና አልሰማም።