ድፍርሱን ባሮ ማየት

አኙዋኮች ኦፔኖ የሚሉት የባሮ ወንዝ ክረምት ሲገባ ይደፈርሳል። ከደጋው የታጠበ አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ አንድ ክንድ ጥልቀት እንኳ ወደ ውስጥ አያሳይም። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ግን ለሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ካርቱም የወረደው በዚሁ ውኃ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቀደ። በመጨረሻ የተመረጠው ስፍራ ጋምቤላ ሆነ። ጨውና ጨርቅ በመርከብ መጣ፤ ቡና፣ ቆዳና ሰም ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወረደ። በደጋ የበቅሎውን መንገድ በጭቃ የሚዘጋው ዝናብ የመርከቡን መንገድ ይከፍት ነበር። በበጋ የተለቀመ ቡናም የወንዙን መሙላት ይጠብቅ ነበር።

ስለ ውሉና ስለ ነጋዴዎቹ ብዙ ተጽፏል። የመርከቦቹን መሪ ስለጨበጡት፣ በሱዳን ሬይስ ስለሚባሉት ሰዎች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ይህ ያስቆጫል። የእንፋሎት መርከቡ ሞተር የሌላቸውን የጭነት ጀልባዎች ከጎኑና ከፊቱ አስሮ ይጓዝ ነበር። ስለዚህ ለመርከቡ በጣም የቀረበው ውኃ ከሬይሱ ዓይን ይሰወር ነበር። ሬይሱ ከፍ ካለው ሰገነት ሆኖ አሻግሮ ያይ ነበር፦ ወንዙ ሲጠማዘዝ ውጫዊው ዳር ጥልቅ፣ ውስጣዊው አሸዋ የሚከማችበት ነው፤ ቀጭን ሞገድ የሚርገበገብበት ቦታም ከሥሩ አሸዋ ሊኖረው ይችላል። ዓይን ሲያጠራጥር ረጅም ዘንግ ወደ ውኃው ይሰደድ ነበር።

ይኸው የቅርቡን ያለማየት ችግር በሰማይ ላይም ገጥሟል። በየካቲት 1955 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቢል ቤድፎርድ፣ ቀጥ ብሎ የሚነሳና የሚያርፍ ጄት አውሮፕላን አርክ ሮያል በተባለችው የጦር መርከብ ላይ አሳረፈ። ከዚያ በኋላ የመጡት፣ ሃሪየር የተባለው የዚሁ ዓይነት ጄት አብራሪዎችም ከሥራቸው ያለውን ወለል ማየት ስለማይችሉ፣ ከመርከቡ ጎን አየር ላይ ቆመው፣ የመርከቡን ሕንፃና የወለሉን መስመር እያዩ በጎን ገብተው ያርፉ ነበር።

ሱዳን ነፃ ወጥታ ዓመት ሳይሞላት፣ ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. የጋምቤላው የንግድ ጣቢያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ዛሬም በበጋ ባሮ ሲጎድል የአሸዋው ጀርባ ከውኃው ይወጣል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ተመልሶ ይሰወራል፣ ቦታውንም ይቀይራል።