የታሪክ አስተማሪው በምን መሣሪያ ያስተምር?

እንደሚታወቀው ስለ አገራችን የታሪክ ትምህርት ሲነሣ ክርክሩ ቶሎ ወደ መጽሐፉ ይዞራል። ማንን አነሣ? ማንን ጣለ? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ያንን መጽሐፍ ይዞ ክፍል ስለሚገባው አስተማሪ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ማን ረዳው? እርዳታውስ ከነምን ዕዳው መጣ? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ከሎንዶን የመጣ ፈተና

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ የተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በ1943 የቆመው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1946 የተከተለው ጄኔራል ዊንጌት፣ ተማሪዎቻቸውን የሚያዘጋጁት ለሎንዶን ዩኒቨርሲቲ የማትሪኩሌሽን ፈተና ነበር። እስከ ዛሬ በሕዝባችን አፍ ያለው «ማትሪክ» የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ፈታኙ ሎንዶን ከሆነ ደግሞ አስተማሪው የሚመራበት ካርታም የሎንዶን መሆኑ አይቀርም።

በአማርኛ በኩል የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የታሪክ መጻሕፍት ለብዙ ዘመን የአስተማሪው ዋና ምርኩዝ ሆነው አገልግለዋል። ውለታቸው የሚካድ አይደለም። ሆኖም ዋና መንገዳቸው የነገሥታት ታሪክ ስለ ነበር፣ የገባሩን፣ የሸማኔውን፣ የቀጥቃጩን ታሪክ ላስተምር ያለ አስተማሪ ከእጁ የሚያገኘው እምብዛም አልነበረም።

፪. «አካባቢህን አጥና»

በ1962 ወደ 280 የሚሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች መጥተው አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሪ ሆኑ። በ1964 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ገጠር መውጣት ጀመሩ። የፊተኞቹ ውላቸው ሲያልቅ አገራቸው ገቡ፤ የኋለኞቹ ያዩትን የጭሰኛ ኑሮ ይዘው ወደ ስድስት ኪሎ ተመለሱ። ልዩነቱ ቀላል አልነበረም።

በ1967 በኦክስፎርድ፣ በ1968 በሞምባሳ በተደረጉት ጉባዔዎች የአፍሪካ የኅብረተሰብ ትምህርት ፕሮግራም ተጠነሰሰ፤ ማዕከሉም ናይሮቢ ሆነ፤ ኢትዮጵያም ተካፋይ ነበረች። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሕፃኑ ከመንደሩ፣ ከገበያው፣ ከወንዙ ተነሥቶ ዓለምን ይወቅ የሚል ነው። ጥያቄው ግን እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በወሎ ወይም በአርሲ አካባቢውን በእውነት ያጠና ተማሪ መጀመሪያ የሚደርስበት ነገር ምንድን ነው? «መሬቱ የማን ነው? እህሉን የሚካፈለው ማን ነው?» ይህንንም ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው በአደባባይ ጠይቀውታል። ዘዴውን ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መልሱን ለመስማት ፈቃደኛ አልነበረም። አስተማሪው ዘዴ ተቀበለ እንጂ ከለላ አላገኘም።

፫. ማኅበሩና ዋጋው

ለአስተማሪው የራሱ የሆነ ድጋፍ የተገኘው ከራሱ ድርጅት ነው። ሥሩ ከ1949 የሚነሣው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ማቆም ሲያውጅ ጥያቄው የደመወዝ ብቻ አልነበረም። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጠናው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ (ሴክተር ሪቪው) የብዙኃኑን ልጆች ትምህርት በአራት ዓመት ላይ ሊያቆም ነው ሲል ተቃወመ። መንግሥትም ዕቅዱን ለማገድ ተገደደ። ስለ ሥርዓተ ትምህርት የአስተማሪው ድምፅ እንዲህ የተሰማበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው መራራ ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 ተማሪዎችንና አስተማሪዎችን አዘመተ፤ የማኅበሩን ነፃነት ገፈፈ፤ በቀይ ሽብር ብዙ አስተማሪዎች አለቁ። ከ1991 ወዲህም ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የነፃው ማኅበር መሪ አሰፋ ማሩ በግንቦት 1997 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። በ2008 ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግቡ ሲባል ለታሪክና ለመሰል ትምህርቶች የቀረው ቦታ ጠበበ። የነገው የታሪክ አስተማሪ ከየት ይመጣ ዘንድ ነው?

፬. የእኛ ድርሻ

እኛ ያለነው ምንጩ በተከማቸበት ከተማ ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ የዘረፋቸው ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ከዚህ ከሎንዶን ናቸው። ክብረ ነገሥት እንኳ በ1872 የተመለሰው ዓፄ ዮሐንስ ጠይቀው ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ ከንቱ አይደለም። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ በአማርኛ የጻፉት ደብዳቤም ለረጅም ጊዜ መልስ ሳያገኝ ቆይቷል። ይህ አንድ ደብዳቤ በመቅደላ ግርጌ ላለ አስተማሪ የሙሉ ሳምንት ትምህርት ነው፤ ማን ጻፈ? ምን ጠየቀ? ለምን ዝም ተባለ?

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፤

ሀ) ቤተ መጻሕፍትና መዝገብ ቤት የምንገባ ሁሉ አጫጭር ምንጮችን ቀድተን፣ ቀላል መግለጫና የውይይት ጥያቄ አክለን እናዘጋጅ፤
ለ) ይህም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይሁን፤
ሐ) ምን እንደሚያስፈልግ አስተማሪዎቹ ራሳቸው ይንገሩን፤ እኛ ሌላ ኦክስፎርድ አንሁን፤
መ) ስለ ሙያቸው ተደራጅተው ለሚታሰሩ አስተማሪዎች ድምፃችንን እናሰማ።

መጽሐፍ ይታተማል፣ ይለወጣል፣ ይቃጠላልም። ጥያቄ መጠየቅ የሚችል፣ ሲጠይቅም ብቻውን የማይቀር አስተማሪ ካለ ግን ታሪካችን ጠባቂ አያጣም!