እርከን በጎጃም ምድር፦ ከአንጀኒ እስከ ፋግታ

እንደሚታወቀው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዝናብ የሚያንሰው አካባቢ አይደለም። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ የሚቸገሩት ውኃው በክረምት ባንዴ መጥቶ አፈሩን ይዞ በመሄዱ ነው። የጎጃም አርሶ አደር ይህን ለመከላከል ከጥንት ጀምሮ በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰስ ትርፍ ውኃን ያስወጣል፤ ቁልቁል ከወጣ ግን የቦረቦር መነሻ ይሆናል።

የመንግሥት የእርከን ሥራ የተስፋፋው ከ1966ቱ ድርቅ በኋላ ሲሆን፣ በገበሬ ማኅበራት አማካኝነት በምግብ ለሥራ ይካሄድ ነበር። ትኩረቱም እንደ ወሎና ትግራይ ያሉ ድርቅ የሚያጠቃቸው ቦታዎች ነበሩ። እዚያ እርከን ያለምንም ዘንበል ተሠርቶ ውኃውን ባለበት ያቁራል። ይኸው አሠራር እንዳለ ወደ እንጅባራ ቢመጣ ውኃው ማሳ ላይ ይተኛል፤ ድንቹ ይበሰብሳል፣ ገብሱ ቢጫ ይሆናል፣ እርከኑም ሞልቶ ይደረመሳል።

ለደጋው የሚሆን ትምህርት የተገኘው ከጎረቤት ነው። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ጀመሩ። ከጣቢያዎቹ አንዱ በ1984 በደምበጫ አካባቢ አንጀኒ ላይ ተቋቋመ። ከ110 ሄክታር ጥቂት በሚበልጠው በዚህ ተፋሰስ በ1986 ፋኛ ጁ የተባለው እርከን ተሠራ። ስሙ የስዋሂሊ ሲሆን ከኬንያ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም አፈሩን ወደ ላይ መወርወር ማለት ነው። ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ጎን ይከመራል። በየክረምቱ የሚታጠበው አፈር ከክምሩ በላይ እየተጠራቀመ ተዳፋቱ በዓመታት ውስጥ ወደ ደረጃ ይለወጣል። ቦዩ በመጠኑ ዘንበል ስለሚል ትርፉ ውኃ ወደ መውረጃው ይሄዳል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ በግዳጅ የተሠራ እርከን መልሶ ታረሰ። አርሶ አደሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እርከን መሬት ይይዛል፣ ምርቱም ቶሎ አይጨምርም። በአንጀኒ አብዛኛው ሳይፈርስ ቆይቷል።

በአዊ ደግሞ የፋግታ ለኮማ አርሶ አደሮች ሌላ መንገድ ያዙ። አሲዳማ በሆነው ማሳ ላይ ዲከረንስ ተክለው በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ፣ ቀጥሎ ሣር ያገኛሉ፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰል አክስለው መሬቱን መልሰው ያርሱታል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን የመታው በሽታ ግን በአንድ ዝርያ ብቻ መመካት እንደማያዋጣ አሳይቷል።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የተፋሰስ ሥራ በየበጋው በሕዝብ ንቅናቄ ሲካሄድ ቆይቷል። በቁፋሮው ላይ ክርክር እምብዛም አይነሳም። ክርክሩ የሚነሳው መውረጃው በማን ማሳ ይለፍ ሲባል ነው። ባለማሳዎቹ ሳይስማሙ የተጀመረ እርከን ውኃውን ጎረቤት ላይ ይለቅቃል፤ ጎረቤትም በማግስቱ ዶማ ይዞ ይመጣል።